ዴስክቶፕ ስትገጣጥሙ እነዚህን አትሳሳቱ (በተለይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ)

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ዴስክቶፔን ራሴ ገጣጥሜ የጨረስኩ ሰሞን አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ቀን ላይ እንደ ጉድ ይሠራል። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ግን ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ ድርግም ይልና ራሱ ይነሳል። ራም ቀያየርኩ። ዊንዶውስ እንደገና ጫንኩ። ነገሩን የፈታችልኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ማታ ማታ መብራቱ ድክም ይልባችኋል አይደል? እኔ እኮ ነኝ፣ ምጣድ እየሰካሁ» ብላ ሳቀች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 እና 4 ኪሎ ዋት ይበላል። ሕንፃው ላይ ሦስት አራት ሰው አንዴ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። ጥፋቱ ግን የምጣዱ አልነበረም፣ የእኔ ነው።

ፓወር ሳፕላይን በተረፈ ብር መግዛት

ሁላችንም እንደዚህ ነው የምናደርገው። ብሩ ሁሉ ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ላይ ያልቅና፣ መጨረሻ ላይ «500 ዋት ነው» የተባለውን ርካሹን ፓወር ሳፕላይ (የግድግዳውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን) አንስተን እንሄዳለን። የእኔም 500 ዋት ይል ነበር፣ በትልቁ። ጎኑ ላይ ያለውን ትንሿን ሠንጠረዥ ያነበብኳት ዘግይቼ ነው። የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። በቃ፣ እውነተኛው አቅሙ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩም ካርዱም ኃይላቸውን የሚስቡት ከሞላ ጎደል ከዚህ መስመር ነው።

አሁን ደምሩት። ግራፊክስ ካርዱ፣ አርቲኤክስ 3060፣ ብቻውን 170 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ፣ ሬይዘን 5 5600፣ ሲጨነቅ 76 ይደርሳል። 246 መጣ፣ ገና ፋንና ዲስክ ሳይቆጠር። ኢንቪዲያ ራሱ ለ3060 የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። በዚያ ላይ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ ልክ በልክ አትግዙ፤ አንድ ሦስተኛ ያህል ትርፍ ተዉለት።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ አንስታችሁ መዝኑት፤ እንደ ባዶ ካርቶን ቀለል ካለ መልሱት። ሁለተኛ የሚቀበለው ቮልት «100–240» የሚል ነው ወይስ ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው? የመጀመሪያው ቮልት ሲወርድ ችሎ ይሠራል። የእኔ ቀይ ማብሪያ ያለው ነበር፣ ለዚህ ነው ምጣድ ያሸነፈው። ቀይ ማብሪያ ያለውን የግድ ከገዛችሁ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ የእኛ 220 ከገባበት «ጧ» ይላል፣ ከዚያ ጭሱ ነው።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፣ ግን የሚነግራችሁ ምን ያህሉ ኃይል በሙቀት መልክ እንደማይባክን ነው እንጂ ዕቃው አደጋ ላይ እንደማይጥላችሁ አይደለም።

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ መሰካት

ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝቶ ጌሚንግ ማድረግ ብዙ ሰው ይሞክራል። ቀጭኗ 7010 ፓወሯ 240 ዋት ነው፣ ቅርጹ የራሷ ስለሆነ ተራ ፓወር ሳፕላይ አይገባም። ከማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ ከሚሰካበት ሰሌዳ) ብቻ ኃይል ወስዶ የሚሠራ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ካልሆነ ተዉት።

ኮኔክተሩ ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ማለት

የአንዱን ፋብሪካ ተነቃይ ገመድ ከሌላው ፋብሪካ ፓወር ጋር አታጋቡ። ፓወሩ ጋ ያለው ጫፍ ይመሳሰላል፣ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ግን ይለያያል። ዲስኩን በአንድ ደቂቃ ያቃጥላል።

ዩፒኤስ ገዛሁ ብሎ መዝናናት

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው። ከጀርባው ዋቱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ሥራው ደግሞ ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው፣ ፊልም መጨረስ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ዋናውን ሶኬት ንቀሉ፣ ሲመጣም ትንሽ ቆዩ፤ ብልጭ ብልጭ ብሎ ሳይረጋ የተሰካ ዕቃ ነው የሚጎዳው።

ኬዙን ስትነኩ ቀስ ብሎ ከነዘራችሁ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው የደህንነት ሽቦ) የለም ማለት ነው። ወይ ዲቫይደራችሁ ሁለት እግር ብቻ ነው፣ ወይ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ጫማ አድርጎ መንካት መፍትሔ አይደለም። (እኔ ሦስት ወር በነጠላ ጫማ ስሠራ ነበር፣ አትፍረዱብኝ።)

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ፋን ምን ያደርጋል?»

ይህችን ስንቴ ሰማኋት። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ነው የሚዞረው፣ የሚገፋው አየር ግን ሳስቷል፣ ስለዚህ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ቆላ አገር የተሞከረ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) እኛ ጋ ያን ያህል ላያቀዘቅዝ ይችላል። ብርዱ የተወሰነውን ይክሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ስለዚህ ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ አትግዙ፤ ያምራል፣ ያፍናል። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ውሰዱ። ከፊት ሁለት ፋን ያስገባ፣ ከኋላ አንድ ያስወጣ። የፋኑ አቅጣጫ ከጠፋችሁ ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ አጥንቶች ያሉበት ጎን ነው አየር የሚወጣበት። ካላመናችሁ ቁራጭ ሶፍት አስጠጉ፤ ከለጠፈ ያስገባል፣ ከተርገበገበ ያስወጣል። እኔ ሦስቱንም ወደ ውጪ አዙሬ ገጥሜ ነበር።

ኩለሩ ሥር ያለችውን ላስቲክ መላጥ አትርሱ። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ አንዳንዱ ኩለር ደግሞ ተቀብቶ ነው የሚመጣው።

አቧራውን መርሳት

የእኛ ሰፈር በጋ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ኮብልስቶኑ ካለቀበት አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍ መስኮቱ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ኬዙን ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ያንን ሁሉ ይጠጣል። ጠረጴዛ ላይ አውጡት፣ ፊቱ ላይ ማጣሪያ ይኑረው፣ በየወሩ ማጣሪያውን እጠቡ። ውስጡን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ።

ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ግን ይቅር። ጋኑ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ጠብታው ማዘርቦርድ ላይ ሲረጭ አይቻለሁ፣ የራሴ ነው።

ሳይፈትኑ መዝጋት

የጎን መስታወቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ሙቀቱን የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ጭናችሁ፣ ከባድ ጌም ወይ ሬንደር ግማሽ ሰዓት አስኪዱ። 5600 ጣሪያው 90 ዲግሪ ነው፤ 80ን ካለፈ ኩለሩን ነቅላችሁ እንደገና እዩት። ከዚያ መስታወቱን ዘግታችሁ ድገሙት። አሥር ዲግሪ ከጨመረ አየር አይገባም ማለት ነው። ሁለተኛውን ሙከራ ማታ አድርጉት፣ ሰው ሁሉ ምጣድ በሰካበት ሰዓት።