የተፈጨ ሥጋ ወጥ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የምንቸት አብሽ ዕጣ የሚወሰነው ሥጋው ቁሌቱ ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ያኔ የተበላሸውን ቅቤም ሆነ መከለሻ አያቃናውም። ሥጋው ትኩስ መሆኑን አሽትታችሁ፣ ቁሌቱንም በደንብ አብስላችሁ ነው የጀመራችሁት ብለን እንነሳ።

ልኩ ይህ ነው፦ ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ 150 ግራም ያህል ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ።

ሥጋው ጓጎለ

ምልክቱ፦ ወጡ ውስጥ ለውዝ፣ አንዳንዴም እንቁላል የሚያካክሉ ጓሎች ይታያሉ። ጓሉ ሲሰበር ውስጡ ግራጫና ደረቅ ነው፤ በርበሬውም ጨውም አልደረሰበትም። እንጀራ ላይ ሲወጣ መረቁ ለብቻው ይሸሻል፣ ጓሉ መሀል ላይ ይቀራል።

ዋነኛው ምክንያት በረዶው ሳይለቅ ድስት ውስጥ የገባ ሥጋ ነው። በተለይ የበዓል ዋዜማ፣ ሥራው ሲደራረብ፣ 2 ኪሎ ሥጋ ከፍሪዘር ይወጣል፤ አንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ላዩ ሲለሰልስ «ቀልጧል» ይባልና እንዳለ ቁሌቱ ላይ ይወረወራል። ውጭው ወዲያው በስሎ ይያያዛል፣ መሀሉ ግን ገና በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ የሚወጣው ውሃ ቁሌቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ክንድ እስኪዝል ቢያማስሉት አይበተንም። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን መሀሉ ድረስ አስገቡ። ጠንከር ያለ ነገር ካገኛችሁ አልቀለጠም። ትክክለኛው መንገድ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። የቸኮለ ሰው ፌስታሉን አጥብቆ አስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፈው፣ ውሃውንም በየግማሽ ሰዓቱ ይቀይር። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ጠረጴዛ ላይም አታሳድሩ። መሀሉ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ጀርም ይራባበታል።

ሁለተኛው ጨው ነው። ጥሬው ሥጋ ላይ ጨው ነስንሶ ማሸት ከሥጋው ውስጥ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣል። ኮፍታ ሲሠራ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ለወጥ ግን ጠር ነው። ጨው የሚገባው ሥጋው ድስቱ ውስጥ ተበትኖ ቀይ መልኩን ከለቀቀ በኋላ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የሥጋ ቤቱ ጥፋት ነው። ስለቱ የዶለዶመ ማሽን ሥጋውን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል። ጅማት ስለቱ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ይብስበታል። በደህና ማሽን የተፈጨ ሥጋ ከወንፊቱ እንደ ክር ተለያይቶ ይወርዳል፤ ቀዩና ጮማው ለየብቻ ይታያል። ሊጥ መስሎ፣ ሐመር ሮዝ ሆኖ፣ ተያይዞ ከወጣ አትቀበሉ። ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ነው፤ ቆሞ ማየትና መመለስ ነውር የለውም። ከመፈጨቱ በፊት ጅማቱና ነጭ ሽፋኑ ይገፈፍ፣ ማሽኑ ውስጥ የቀረው የሌላ ደንበኛ ሥጋም ይውጣ በሉ። ውጭ አገር ላላችሁ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በትሪ ተጠቅጥቆ የሚሸጠውም በጣት ሳይበተን ድስት ውስጥ ከገባ እንደ ጡብ ተያይዞ ይቀራል።

እንዳይጓጉል የሚደረገው፦ ሥጋውን ሰፊ ሳህን ላይ በትኑ። ለ1 ኪሎ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ በጣት ጫፍ ፍቱት፤ አትሹት፣ ፍቱት ብቻ። የቁሌቱን እሳት ቀንሱ። ሥጋውን በሦስት ዙር ጨምሩ። በየዙሩ በማማሰያው ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እየዳጣችሁ በትኑ፤ ቀይ ቦታ ሳይጠፋ ቀጣዩን አታስገቡ። ሦስተኛው ሲያልቅ እሳቱን ጨምሩ፣ ጨው አድርጉ፣ 1 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ከልሱና ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉ። ቀዝቃዛው ውሃ ለጥሬው ሥጋ ብቻ ነው። እሳት ላይ ያለ ወጥ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይገባም።

ከጓጎለ በኋላ ደግሞ፦ ጓሎቹን በጭልፋ ለቅማችሁ አውጡ፣ መክተፊያ ላይ በቢላ ክተፉ፣ በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ መልሱና 10 ደቂቃ አንተክትኩት። ብሌንደር ውስጥ እንዳታስገቡት። የሚወጣው የሕፃን ምግብ የመሰለ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ወጡ ውሃ አቆረ

ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ሥጋው ገብቷል፣ ወይም ድስቱ ጠባብ ነው፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ከርሟል። ክዳኑን አንሱ፣ ሰፋ ወዳለ ድስት ገልብጡ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን እስኪወጣ ድረስ አንተክትኩት። ሽሮ ወይም የስንዴ ዱቄት በትኖ ማወፈር ወጡን ማበላሸት ነው። እባካችሁ ተዉት።

ቅባት ተንሳፈፈ፣ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይለጠፋል

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው አሜሪካ ላሉ ነው። ማሸጊያው ላይ 80/20 የሚል ሥጋ በኪሎ 200 ግራም ስብ አለው። በዚያ ላይ 150 ግራም ቅቤ ሲገባ ድስቱ ዘይት ይሆናል፤ የከብቱ ስብ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይረጋል። 90/10 ግዙ። ካጣችሁ ሥጋውን ለብቻው መጥበሻ ላይ አድርቃችሁ ስቡን አጥልሉ፣ ቅቤውንም በግማሽ ቀንሱ።

መረረ

ወጡ ጠቆር ብሎ የማረር ሽታ ካለው በርበሬው አርሯል። አይስተካከልም፣ ቁሌቱን እንደገና ጀምሩ። ቀለሙ ደህና ሆኖ ምሬቱ ከዋጡ በኋላ ምላስ ላይ ከቆየ አብሹ በዝቷል፤ ያለ አብሽ ሌላ ቁሌት ሠርታችሁ ቀላቅሉበት። በጥርስ መሀል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በርበሬው ላይ ነው። 1 ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፤ ከታች ቶሎ የሚዘቅጥ አሸዋማ ነገር ካያችሁ አፈር ወይም የጡብ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ከዚያ ሻጭ ዳግም አትግዙ።

ሳምቡሳው ፈነዳ ወይም ዘይት ጠጣ

የፈነዳው ሥጋው እርጥብ ወይም ትኩስ ሆኖ ስለተጠቀለለ ነው። መጥበሻው ታች ፈሳሽ እስከማይቀር አድርቁ፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩ፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ዘይት የጠጣው ዘይቱ ሳይግል ስለገባ ነው።

የፓስታ ስጎ ከጎመዘዘ የቲማቲም ድልሁ ዘይት ላይ ሳይቁላላ ውሃ ገብቶበታል። ኮፍታ ከተበተነ ጨው ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ እሹ።

ክትፎ

ተፈጭቶ የተቀመጠ ሥጋ ለክትፎ አይሆንም። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ ያለው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ውስጡ ድረስ ይሠራጫል። ንጹሕ ቀይ ሥጋ ሳይፈጭ ግዙ፣ ቤት ውስጥ በንጹሕ መክተፊያ ክተፉ፣ ወዲያው አቅርቡ። ለብለብ ማለት የበሰለ ማለት አይደለም፤ ላዩ ይሞቃል እንጂ የኮሶ ትል ዕጭም ባክቴሪያም አይሞትበትም። ፍሪዘር በቂ ቀን ከቆየ የኮሶውን ዕጭ ይገድላል፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና ለታመመ ሰው ጥሬም ለብለብም አትስጡ። የተፈጨ ሥጋ በሰለ የሚባለው መሀሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው።

ክትፎው ግራጫ ከሆነ ቅቤው በጣም ግሎ ነበር። ቀልጦ ጣት የሚችለው ሙቀት ይበቃዋል።

አቀማመጥ

የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ አይቆይ። ጠረጴዛ ላይ ወይም ውሃ ውስጥ የቀለጠውን ሳታበስሉ መልሳችሁ ፍሪዘር አታስገቡ። ስታስቀምጡም በግማሽ ግማሽ ኪሎ ከፍላችሁ፣ ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ጣት ውፍረት እስኪሆን ጠፍጥፋችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩ። ተጠቅልሎ እንደ ኳስ የገባ 2 ኪሎ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮም መሀሉ ላይቀልጥ ይችላል፤ የተጠፈጠፈው ግን ጠዋት ለድስት ዝግጁ ነው።