የጀልባችሁን ሽንት ቤት ከመቀየራችሁ በፊት ባልዲ አምጡ

የሸራ ጀልባችሁ ሽንት ቤት የእጅ ፓምፑ ከብዶ አልገፋ ካለ፣ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ጓንት አድርጉና የባሕር ውኃ መግቢያና መውጫ ቫልቮችን ዝጉ። ይህን በፍጹም እንዳትረሱ፤ ክፍት ከቀረ ጀልባዋ ልትሰጥም ትችላለች። ከዚያ የመውጫውን ቱቦ ከፓምፑ ነቅላችሁ ባልዲ ደቅኑበት። የሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ ንጹሕ ውኃ ጨምሩና የፓምፑን እጀታ ግፉት።

እጀታው ቀለል ካለ ችግሩ ቱቦው ነው። ሽንትና የባሕር ውኃ ሲገናኙ እንደ ኖራ ያለ ጠንካራ ነገር ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፣ መንገዱንም ያጠበዋል። እዚያ ላይ አዲስ ሽንት ቤት ብትገጥሙም ያው መክበዱ አይቀርም። ቱቦውን ቀይሩ።

ቱቦው ተነቅሎም እጀታው ከከበደ ፓምፑን ፍቱት። ጎሚኒው ብቻ ደርቆ ወይም ተበልቶ ከሆነ የጥገና ኪት (የጎሚኒ መለዋወጫዎች ስብስብ) ይበቃል። ሲሊንደሩ ውስጡ ከተቧጨረ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ለኪት ገንዘብ አታውጡ፤ አዲስ ጎሚኒም አይይዝለትም። ያኔም ቢሆን ለብዙ ሞዴሎች ፓምፑ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ሳህኑ ደህና ከሆነ አትጣሉት።

በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚሠራ ሽንት ቤት ይህ ሙከራ አይሆንም።