ቪትዝ ገዝታችሁ ራይድ ልትሠሩ ላሰባችሁ

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ እዳና እገዳ እንደሌለባት አጣሩ። ሰሌዳዋንም እዩ፤ ኮድ 2 የቤት መኪና ናት፣ ለንግድ ኮድ 3 ያስፈልጋል።

እኔን የጎዳኝ ግን ሂሳብ አለመያዜ ነው። ማታ ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ጎማ አለቀ፣ የፍሬን ሸራ ተበላ። እጄ ላይ ምንም አልነበረም! አሁን ደብተር አለኝ። ነዳጅ፣ ዘይት ቅያሪና ኮሚሽን ተቀንሶ የቀረው ነው የኔ። ባዶዬን የነዳሁትንም ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ። አያት ሰው አድርሼ ቦሌ ድረስ ባዶዬን መመለስ ነበር ነዳጄን የሚጨርሰው። አሁን እዚያው ቆሜ ጥሪ እጠብቃለሁ።

ለሹፌር የምትሰጧት ከሆነ፣ ዘመድም ቢሆን ውል ጻፉ። ቅጣት ቢመጣ፣ መኪናዋ ብትጋጭ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ።