የሞተር ሳይክል ማንሻ ጠረጴዛ በራስ እጅ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስኩተር ወይም ሞተር ሳይክል መሬት ላይ አቁሞ፣ ተንበርክኮና ጎንበስ ብሎ ለሚጠግን ሰው ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ትልቅ እረፍት ነው። እዚህ የምናገረው እንደ መቀስ በተጠላለፉ ጥንድ እግሮች ላይ ስለሚቆምና በክሪክ ስለሚነሣ ጠረጴዛ ነው። ብየዳ ለሚችል ሰው ጠረጴዛውን መሥራት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ነገር ጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ፣ እጅና እግር በሥሩ እየገባና እየወጣ፣ ለዓመታት ሳይወድቅ መቆየቱ ነው። አብዛኛው ሠሪ ሐሳቡን ሁሉ የሚያውለው ጠረጴዛው እንዴት እንደሚነሣ በመፈለግ ላይ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ምን ይዞት እንደሚቆም የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች በአመዛኙ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጠረጴዛውን በክሪኩ ላይ ብቻ ማቆም ነው። ሃይድሮሊክ ክሪክ የተሠራው ለማንሣት እንጂ ያነሣውን ይዞ ለመቆየት አይደለም። ጭነቱን የሚሸከመው በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ዘይት ነው፤ ያንን ዘይት የሚያግዱት ደግሞ ጎሚኒ፣ ትንሽ የብረት ኳስና የማውረጃው ቡሎን ብቻ ናቸው። ጎሚኒው ሲያረጅ፣ በኳሱ መቀመጫ ላይ የብረት ብናኝ ሲያርፍ፣ ወይም ቡሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ጠረጴዛውም አንዳንዴ ዓይን በማያስተውለው ዝግታ፣ አንዳንዴም በአንድ አፍታ ይወርዳል። ይህንን ስናገር የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ክሪኩ እኮ የሁለት ቶን ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ሁለት መቶ ኪሎ አይሞላም።» በክሪኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ያህል ማንሣት እንደሚችል ይናገራል፤ ያነሣውን እስከ መቼ ይዞ እንደሚቆይ ግን አይናገርም። የኋላ ጎማው የተፈታ ሞተር ሳይክል የተሸከመ ጠረጴዛ፣ ባለሙያው መፍቻ ሊያመጣ ዞር ባለበት ቅጽበት በአንድ ጊዜ ወርዶ ከመሬት ጋር ሲጋጭ፣ ከላይ በድጋፍ የቆመውም ሞተር ሳይክል በጎኑ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሰውዬው እጅ ጥቂት ቀደም ብሎ በመቀሱ እግሮች መካከል ነበር። የታንኩ መጨራመት ይጠገናል፤ ጣት ግን አይተካም።

መፍትሔው ጭነቱን ከዘይት ወደ ብረት ማዛወር ነው። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ፣ በተለያየ ከፍታ መቀመጫ የተበጀለት ጠንካራ የመቆለፊያ ዘንግ ይደረጋል፤ ጠረጴዛው ከሚፈለገው ከፍታ ትንሽ አልፎ እንዲነሣ ተደርጎ ዘንጉ በቦታው ይገባል፤ ከዚያም ክሪኩ ጥቂት ይለቀቅና ሙሉው ክብደት ዘንጉ ላይ ያርፋል። ክሪኩ በእጅ ሲነካ ላላ ካለ ጭነቱ በእርግጥ ተዛውሯል ማለት ነው። ከሁሉ የተሻለው ጠረጴዛው ሲነሣ በራሱ ክብደት ከጥርስ ወደ ጥርስ እየወደቀ የሚቆልፍ ዘንግ ነው፤ የደከመ ወይም የቸኮለ ሰው ቢረሳም ሥራውን ይሠራልና።

ሁለተኛው ስህተት ጠረጴዛው ሲወርድ ፈጽሞ መሬት ለጥ እንዲል መመኘት ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሞተር ሳይክል ማውጣት ይቀላል። ነገር ግን ክሪኩ የመቀሱን እግር ከታች በአግድም በሚገፋበት አሠራር፣ እግሮቹ ከወለሉ ጋር የሚሠሩት ማዕዘን እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት በእጅጉ ይጨምራል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት እግሮቹ 45 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ ክብደቱን የሚያህል ግፊት ይበቃዋል፤ በ30 ዲግሪ 1.7 እጥፍ ያህል፣ በ10 ዲግሪ ግን ወደ 5.7 እጥፍ፣ ማለትም ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ጉልበት እግሮቹ በሚዞሩባቸው ፐርኖዎችና በክሪኩ መቀመጫ በኩል ስለሚያልፍ፣ የሚታጠፈውና የሚሰነጠቀው ጠረጴዛው ገና ከመሬት ሲላቀቅ ነው። እግሮቹ ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይወርዱ የሚያግድ ማቆሚያ ከታችኛው ክፈፍ ላይ መበየድ ትንሽ ከፍታ ያስከፍላል፤ በምትኩ ግን የፐርኖና የክሪክ ዕድሜ ያተርፋል። ለቀረው ከፍታ ሞተር ሳይክሉ የሚገፋበት ረጅም ተዳፋት መውጫ ይሠራለት፤ ጠረጴዛው 18 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም የአንድ ሜትር መውጫ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ያጋድላል። ለስኩተር ግን ሆዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ መውጫው ከጠረጴዛው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ እንዳይፋተግ ቀድሞ መለካት ያሻል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ቆሞ እንዲሠራ የተሠራ የዘይት ክሪክ አግድም ሲተኛ ብዙውን ጊዜ ዘይት ሳይሆን አየር ይስባል፤ አንዳንዱ ፓምፑ ወደ ታች ሲዞር ብቻ ይሠራል። መቀመጫው ከመበየዱ በፊት ክሪኩን አስተኝቶና ጭነት ሰጥቶ መሞከር ግድ ነው። ጠረጴዛው ሲነሣ የሚገፋበት አቅጣጫ ስለሚለዋወጥም ክሪኩ በሁለቱም ጫፉ እንደ ልብ መዞር አለበት፤ አንዱ ጫፍ ከተበየደ ዘንጉ በጎን እየተገፋ ይታጠፋል።

ፐርኖን በተመለከተ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው ባለማወቅ ነው፤ የነገራቸው የለምና አልፈርድባቸውም። እስከ አንገቱ ጥርስ የወጣለት ቡሎን እግሮቹ የሚዞሩበት ፐርኖ ሆኖ ሊያገለግል አይገባም። ጥርሱ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ቡሎኑም የሚቆረጠው ከጥርሱ ሥር ነው። በቀዳዳው ውስጥ የሚውለው ክፍል ለስላሳ የሆነ፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ቡሎን፣ ቀዳዳው ውስጥ በሚገጠም ቱቦ መሳይ ቦኮላ ውስጥ ከግሪስ ጋር ሲገባ ለዓመታት ሳይላላ ይሠራል። የእግሮቹ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተለክተው ከተበሱ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ጠረጴዛውን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ተጣማጅ እግሮች በአንድነት በሞርሳ ታስረው በአንድ ጊዜ ይበሱ። የግራና የቀኝ መቀሶችም በተሻጋሪ ቱቦላሬ ካልተያያዙ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ባጋደለ ጊዜም ጠረጴዛው ይወላገዳል።

ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ልባሱ ሳይፋቅ አይበየድ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ጠረጴዛው ሥራ ላይ ሳለ በተሽከርካሪ ጎማዎቹ ላይ አይቁም፤ ጎማዎቹ ለማንቀሳቀስ ብቻ ናቸው። የላይኛው ገጽ ልሙጥ ቀለም አይቀባ፤ ዘይት ሲነካው ጫማም ሆነ ጎማ ያንሸራትታል። ከኮምፐንሳቶ ከተሠራም የጎን ማቆሚያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ላሜራ ይደረግ፤ አለዚያ ማቆሚያው ቀስ እያለ ይሰምጣል።

በስፋቱ ላይ ብዙዎች ከፍርሃት የተነሣ ያበዛሉ። ለአብዛኛው ሞተር ሳይክል 2.2 ሜትር ርዝመትና ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ከዚያ ሲሰፋ ሠራተኛው ወደ ሞተሩ ለመድረስ ጠረጴዛው ላይ መንጠልጠል ይጀምራል፣ ጠረጴዛው የተሠራበት ጥቅምም ይጠፋል። ሞተር ሳይክሉን ከመውደቅ የሚጠብቀው ስፋት ሳይሆን ማሰሪያ ነው። የፊት ጎማ መያዣ ጎማው ወደፊት እንዳይሄድ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ አይዝም። ከመሪው ሥር፣ ከግራና ከቀኝ፣ ወደፊትና ወደ ታች የሚጎትቱ ሁለት ቀበቶዎች የፊት ሞላውን ጥቂት እስኪጫኑት ድረስ ይጠበቁ፤ የሚታሰሩባቸው ቀለበቶችም ከኮምፐንሳቶው ላይ ሳይሆን ከክፈፉ ብረት ላይ ይበየዱ። ስኩተር ላይ ቀበቶው በፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ ካለፈ ይሰብረዋል፤ ብረት የሆነ መያዣ ይፈለግለት። ሞተሩ ወይም የኋላ ጎማው ሲወርድ የክብደቱ ማዕከል ስለሚዛወር ኋላውም ይታሰር። በኋላ ጎማው ሥር የሚከፈት ቀዳዳ ገና ከጅምሩ ካልታሰበ፣ ጎማውን ለማውጣት ሞተር ሳይክሉን እንደገና ከጠረጴዛው በላይ ማንጠልጠል ሊያስፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ጭነት ሞተር ሳይክል አይሁን። ጠረጴዛው ሊሸከመው ከታሰበው ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን አሸዋ በከረጢት ይጫንበት፤ ተነሥቶ ዘንጉ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የአራቱ ማዕዘኖች ከፍታ ይለካ፣ ሌሊቱን ያድርና በማግሥቱ እንደገና ይለካ። ከዚያም ከረጢቶቹ ወደ አንድ ጫፍ ተገፍተው ማንሣቱና ማውረዱ ይደገም፤ ሰው ግን ከሥሩ አይግባ። የብየዳ ስፌቶቹ አንድ በአንድ በመብራት ይታዩ፤ ስንጥቅ የታየበት ስፌት ከላዩ ላይ አይደረብበት፣ ተፈጭቶ ወጥቶ እንደገና ይበየድ፤ ሙከራውም ከመጀመሪያው ይጀመር።