የሲያትልን ኦርካዎች ከቤት ጀምሮ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በ2018 ታህሌኳ የተባለች ኦርካ (ጥቁርና ነጭ ቀለም ያላት ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) የሞተች ግልገሏን በአፏና በግንባሯ ደግፋ ለ17 ቀን ባሕር ለባሕር ተንከራተተች። ያንን አይቶ የማይነካ ሰው የለም። በሲያትልና በቫንኩቨር አካባቢ ከሚመላለሰው የእሷ ወገን ዛሬ የቀሩት 75 ያህል ብቻ ናቸው። የሚበሉት በዋናነት ቺኑክ የሚባለውን ትልቁን የሳልመን ዓሣ ነው። ሳልመን ሲጠፋ ይራባሉ። በባሕሩ ያለው መርዝ ደግሞ ስባቸው ውስጥ ይከማችና በእናት ጡት ወደ ግልገል ያልፋል።

ሲያትል ብዙ ሐበሻ አለ፣ ታክሲና ኡበር የሚነዳውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከመኪና እንጀምር።

መኪናችሁን አስፋልት ላይ አትጠቡ። ሳሙናው፣ ዘይቱና የፍሬኑ ብናኝ መንገድ ዳር ባለው ፍርግርግ ይገባል። በብዙ ሰፈር ያ ቱቦ ሳይጣራ ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ነው የሚደፋው። ካር ዋሽ ውሰዱት፣ የዚያ ውሃ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ቤት ማጠብ ግድ ከሆነ ሣር ላይ አቁሙት።

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት የዘይት ጠብታ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ መካኒክ ጋ ሂዱ። መሬት የነካውን ዘይት በውሃ አትልቀቁት። የድመት አሸዋ በትኑበት፣ ሲመጠው ጠርጋችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት።

ጎማም ጣጣ አለው። ከጎማ ብናኝ የሚወጣ ኬሚካል ኮሆ የተባለውን ሳልመን በሰዓታት ውስጥ እንደሚገድል ተመራማሪዎች በ2020 አሳውቀዋል። በባቡር መሄድ የሚቻልበት ቀን ካለ መኪናውን ተዉት።

በጀልባ የምትወጡ ከሆነ ከእነዚህ ኦርካዎች ራቁ። ኦርካ የሚያድነው በድምፅ ነው፣ የሞተር ጩኸት ያደናግረዋል። በዋሽንግተን ግዛት ከ2025 ጀምሮ ሕጉ 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ገደማ ራቁ ይላል። እኔ ግን ከየብስ ማየቱን እመርጣለሁ። በበጋ ሳን ዋን ደሴት ላይ ያለው የላይም ኪልን ፓርክ፣ በመኸር ደግሞ ሲያትል ውስጥ ያለው የአልካይ ባሕር ዳርቻ ጥሩ ናቸው።

ልጆች ካሏችሁ በመኸር ዛፍ ተከላ ውሰዷቸው። በግሪን ወንዝ ዳር በጎ ፈቃደኞች ይተክላሉ። ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሳልመን ደግሞ ሙቅ ውሃ አይችልም። ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ እንዳትረሱ።