ፎቶ ለተቋም ስትሰጡ የቅጂ መብታችሁን እንዴት ታስቀራላችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጃን ሜዳ ያነሳሁትን አንድ የጥምቀት ፎቶ በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ለአንድ ተቋም በስጦታ ሰጠሁ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ቡና መጣ፣ ምስጋናው ዘነበ፣ በመሃል አንድ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ቀረበልኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ሳላነብ ፈረምኩ። ሰው ቡና እየጋበዛችሁ ቁጭ ብሎ ውል ማንበብ ይከብዳላ! በዓመቱ ፎቶዬ ለሽያጭ በወጣ ካላንደር ላይ ብቅ አለ። ስሜ የለበትም። ሄጄ ስጠይቅ ያቺን ወረቀት አወጡልኝ፤ «ከነሙሉ መብቱ» ትላለች። ፊርማዋ የኔ ነው። ምን እላለሁ?

እናንተ እንዳትሸወዱ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ህትመቱ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው የታተመው ወረቀት ሌላ፣ መብቱ ሌላ ነው። ህትመቱን የወሰደው ተቋም ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው፣ ለጎብኚ ሊያሳየው ይችላል። ማባዛት፣ ፖስትካርድ አድርጎ መሸጥ፣ ለአሳታሚ መፍቀድ ግን የመብቱ ባለቤት ድርሻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1978 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ዕቃውን ማስረከብ ብቻውን መብቱን አያስተላልፍም፣ መብቱ እንዲተላለፍ ባለቤቱ የፈረመበት ጽሑፍ የግድ ነው። ዝም ካላችሁ መብቱ እናንተው ጋ ይቀራል ማለት ነው። ጉዱ ያለው ተቋሙ የሚያስፈርማችሁ ፎርም ላይ ነው።

አገር ቤት ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ይሄ አዋጅ ፎቶ ላይ ጠበቅ ይላል። ፎቶው የስብስብ አካል ካልሆነ ወይም መጽሐፍ ውስጥ ካልታተመ፣ የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካልሰፈረበት መብቱን መጠየቅ አይቻልም። ብዙ ፎቶ አንሺ ይህን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነጠላ ህትመት ባዶ ጀርባውን ይዞ ከእጃችሁ አይውጣ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ከጀርባ ይመቱት የነበረው ማህተም ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቁም ነገር ነበረው። ጊዜውም አጭር ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ (አባዝቶ የመሸጥ የመሳሰለው) የሚጠበቀው ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። አሜሪካ አንሺው እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ይቆያል።

ጀርባው ላይ ስትጽፉ በእስክሪብቶ አትጫኑ፤ ቀለሙም ጉድጓዱም ወደ ፊት ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ በቀስታ። ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ከሆነና እርሳሱ አልይዝ ካለ በማስቀመጫው ፖስታ ወይም በፍሬሙ ጀርባ ላይ ጻፉት።

ሌላው፣ ከመስጠታችሁ በፊት መብቱ በእርግጥ የናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው አያታችሁ ስለሆኑ ብቻ መብቱ የናንተ አይሆንም፤ በመሠረቱ ያነሳው ሰው ነው ባለቤቱ። ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ ያነሳው ከሆነ ደግሞ በኛ አዋጅ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ መብቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሠርግ ያዘዛችሁት ፎቶ አንሺ በውል ካልሰጣችሁ በስተቀር መብቱን ይዞት ይሄዳል። አባታችሁ ፎቶ አንሺ ኖረው መብቱ በውርስ ከመጣ፣ ወንድም እህቶቻችሁም አሉበትና ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኋላ ቤተሰብ ከሚጣላ።

አሁን ወደ ፎርሙ። ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት፤ «ነገ እመልሰዋለሁ» ማለት ነውር የለውም። «መብቱን ጨምሮ»፣ «ሙሉ በሙሉና ለዘለዓለም»፣ «ያለ ምንም ገደብ» የሚሉ ቃላት ስታዩ ቁም በሉ። መስመሩን ሰርዙት፣ አጠገቡ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቤተ መዛግብት የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ለምደውታል፤ እንዲያውም ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስጦታ ውል ላይ መብቱን ማስቀረት እንደ አንድ ምርጫ ተቀምጦ ምልክት እስኪደረግበት ይጠብቃል። በተሰረዘው ፋንታ እንዲህ ያለ ነገር አስገቡ፦

«የህትመቱ ባለቤትነት ለተቋሙ ተላልፏል። የቅጂ መብቱ በሙሉ ከፎቶ አንሺው ጋር ይቆያል። ተቋሙ ፎቶውን ለዐውደ ርዕይ፣ ለካታሎግ፣ ለጥናትና ለጥበቃ ሥራ ያለ ክፍያ መጠቀም ይችላል፤ በተጠቀመ ቁጥር የአንሺውን ስም ይጠቅሳል። ለሽያጭ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለሦስተኛ ወገን ለመስጠት አስቀድሞ የፎቶ አንሺውን የጽሑፍ ፈቃድ ያገኛል።»

ድረ ገጽ ላይ እንዲያወጡት ከፈቀዳችሁ መጠኑን ወስኑ፤ ለምሳሌ ረጅሙ ጎን ከ1000 ፒክስል እንዳይበልጥ። ኔጋቲቩንና ዋናውን ዲጂታል ፋይል አትስጡ፤ ስጦታው ህትመቱ ነው። ፎቶው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ እንዳይውል የምትፈልጉ ከሆነ እሱንም አሁኑኑ ጻፉት። በሌላ በኩል በጥቃቅኑ አትነዛነዙ። እነሱም ህትመቱን ከጉዳት ለመጠበቅ ስካን ማድረግ አለባቸው፣ ተመራማሪ ሲመጣም ያሳያሉ፤ ይሄን ከከለከላችሁማ ለምን ሰጣችሁ?

«እኔ መብት ምን ያደርግልኛል፣ ሕዝብ ይጠቀምበት» የምትሉም አትጠፉም። ጥሩ ነው፣ ግን ካሮል ሃይስሚዝን አስቡ። አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ናት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎቿን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታ ሕዝብ በነፃ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደች። ከዚያ አንድ ቀን የራሷን ፎቶ በራሷ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ስላወጣች 120 ዶላር ክፈይ የሚል ደብዳቤ መጣላት! በ2016 (እ.ኤ.አ.) ፎቶ የሚሸጠውን ድርጅት ጌቲ ኢሜጅስንና ሌሎችን 1 ቢሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች፤ መብቱን ለሕዝብ ለቅቃ ስለነበር የቅጂ መብት ክሷ ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ለሕዝብ መልቀቅ ከፈለጋችሁ ልቀቁ፣ ሌላው ሲቸበችበው ግን መክሰሻ እንደማይኖራችሁ አውቃችሁ ይሁን።

አሜሪካ ላሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ገና ለሕዝብ ያልወጡ ፎቶዎችን እስከ 750 ድረስ በአንድ ማመልከቻ፣ በ55 ዶላር ማስመዝገብ ይቻላል፤ መብቱ ያለ ምዝገባም አለ፣ ፍርድ ቤት ስትሄዱ ግን ምዝገባው ይጠቅማል። ደግሞ የራሳችሁን ፎቶ ሰጥታችሁ የገበያ ዋጋውን ከግብር እናስቀንሳለን ብላችሁ ከሆነ እርሱት። የሚታሰብላችሁ የወረቀትና የቀለሙ ወጪ ነው።

በመጨረሻ፣ ተቋሙም የፈረመበትን ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። ህትመቱ የተመዘገበበትን የመዝገብ ቁጥር ኮፒው ላይ አስጽፉት፤ ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው ተቀይሮ «የትኛው ፎቶ?» ሲሏችሁ እሱ ነው የሚያወጣችሁ። ስልካችሁ ሲቀየር ንገሯቸው፣ እናንተ ከሌላችሁ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነም ስሙን ጻፉ።

ባለፈው ዓመት ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ህትመት ስሰጥ ፎርሙን ይዤ ቤት ሄድኩ፣ አንድ መስመር ሰርዤ መለስኩ። ልጅቷ አየችው፣ አጠገቡ ፈረመች፣ ማህተም መታችበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቡናውንም ጠጣሁ።