ፊዝኤክስ ሲበራ ጌሙ ለምን ይሞታል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ፊዝኤክስ በጌም ውስጥ የነገሮችን እንቅስቃሴና ስብራት የሚያሰላ፣ የግራፊክስ ካርድ ሠሪው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ነው። ባትማን አርካም አሳይለምን ፊዝኤክስ አብርቶ የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እግር ሲገባበት ጭጋጉ ይከፈላል። ወረቀት ከወለሉ ላይ ይነሳል። ጨርቅ ይቀደዳል። የዚህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ቢያንስ መሆን ያለበት እንዲያ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የምሰማው አቤቱታ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ጌሙ ጥሩ ነው የሚሄደው፤ የሆነ ነገር ሲሰበር ግን ቀጥ ይላል።» ከባሕር ዳርም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከእንጅባራም ይዘውት የሚመጡት ይኸንኑ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ። ድራይቨር መጫን፣ አቧራ ማስነፋትና ሙቀት ማየት የታወቀ ነው፤ እሱን ጨርሳችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ ሁሉም ደህና ነው፤ መስታወት ሲሰበር ጌሙ ይቆማል

ሚረርስ ኤጅን እንውሰድ። በ2009 ለፒሲ የወጣ ጌም ነው። ሩጫው በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል) ይሄዳል። ከዚያ ጥይት መስታወቱን ይመታል፤ ፍሬሙ ወደ 10 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስባሪው መሬት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ ይፈጥናል።

ሰው ይህን ሲያይ ካርዱ አቃተው ይላል። አይደለም። በዚያች ቅጽበት ካርዱ ሥራ ፈት ነው። ስሌቱ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ላይ ወድቋል። የፊዝኤክስ ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው፤ ካርዱን ካላገኘ ምንም ሳይናገር ወደ ሲፒዩ ይዞራል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሜኑው ላይ «ሃይ» እንደተባለ ይቀራል።

«ሲፒዩዬ እኮ አዲስ ነው፣ ስምንት ኮር አለው» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። አይረዳም። በ2010 ዴቪድ ካንተር የተባለ የፕሮሰሰር ተንታኝ ፊዝኤክስ ሲፒዩ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ መረመረ። ያገኘው ነገር ፊዝኤክስ ኤክስ87 የሚባለውን የጥንት የስሌት ትእዛዝ እንደሚጠቀም ነው። ፕሮሰሰሮች ግን በዚያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ኤስኤስኢ የሚባል በጣም ፈጣን መንገድ ነበራቸው። በዚያ ላይ ሥራው ብዙውን ጊዜ አንድ ኮር ላይ ይከማቻል። አንዱ አርሶ ሰባቱ ዳር ላይ እንደሚቆሙበት ማሳ ማለት ነው። በ2011 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ፊዝኤክስ ይህን አስተካክሏል። ነገር ግን ሰው እስከ ዛሬ የሚወዳቸው የፊዝኤክስ ጌሞች በአብዛኛው በድሮው የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ መጀመሪያ በዓይናችሁ አረጋግጡ። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናልን ክፈቱ። ከላይ ካለው የስሪዲ ሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ «ሾው ፊዝኤክስ ቪዥዋል ኢንዲኬተር» የሚለውን ምረጡ። ጌሙን ስትከፍቱ ጥግ ላይ ጽሑፍ ይመጣል። «ጂፒዩ» ካለ ስሌቱ ካርዱ ላይ ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። «ሲፒዩ» ካለ ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ነው። ይህን ሳታዩ አንድም ዕቃ አትግዙ።

አንድ የፍኖተ ሰላም ጌም ቤት ባለቤት ይህን ሳያይ ገንዘቡን ጨርሷል። መጀመሪያ ራም ጨምር አሉት፤ ጨመረ። ቀጥሎ ፎርማት ይደረግ ተባለ፤ ተደረገ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየሩለት። መስታወቱ ሲሰበር ጌሙ ያው ይቆማል። ወደ እኔ ሲመጣ ማሽኑ ውስጥ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የጌሙ ፎልደር ውስጥ ነበር። እዚህ አገር ማንኛውንም ችግር «ፎርማት እናድርገው» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ በጣም ያናድደኛል። የሰው ፎቶና ሰነድ ይጠፋል፤ ችግሩ ግን ባለበት ነው።

የእሱ ጉዳይ እንዲህ ነበር። ሚረርስ ኤጅ የራሱን አሮጌ የፊዝኤክስ ፋይሎች ይዞ ነው የሚጫነው። ጌሙ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አዲሱን ትቶ የራሱን ይይዛል። አሮጌው ፋይል ደግሞ ከእሱ በኋላ የተሠሩትን ካርዶች አያውቃቸውም። ስለዚህ ወደ ሲፒዩ ይሄዳል። መፍትሄው ቀላል ነው። ጌሙ የተጫነበት ቦታ «ባይነሪስ» የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ «ፊዝኤክስኮር» እና «ፊዝኤክስዲቫይስ» የሚሉ ሁለት ዲኤልኤል ፋይሎች ታገኛላችሁ። ከፎልደሩ አውጧቸው። ጌሙ ሲያጣቸው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ይጠቀማል፤ መስታወቱም ያምራል፣ ፍሬሙም አይወርድም። የፍኖተ ሰላሙ ሰው ከፊቴ ቆሞ ሁለቱን ፋይሎች ሳወጣ «በቃ? ይኼ ነው?» ነበር ያለው። አዎ፣ ይኼ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ፋይሎቹን አታጥፏቸው፤ ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጧቸው። ጌሙ አልነሳ ካለ ትመልሷቸዋላችሁ። ተጠንቀቁ፦ የዊንዶውስን የራሱን ፎልደር እንዳትነኩ። ተጠንቀቁ፦ «ዲኤልኤል በነፃ» ከሚሉ ድረ ገጾች ምንም አታውርዱ። ለአንድ ፋይል ብሎ ቫይረስ ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ማጽዳት ከዚህ ሁሉ ሥራ ይብሳል።

ላፕቶፕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ብዙ ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው የኢንቴል፣ ሌላው የኤንቪዲያ። የባሕር ዳር ተማሪዎች ይዘው የሚመጡት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ጌሙ በኢንቴሉ ተነስቶ ኤንቪዲያው ተኝቶ ይገኛል። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ግቡና ለጌሙ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ስጡት። ቀጥሎ ኮንትሮል ፓናሉ ላይ ፊዝኤክስ የሚለውን ክፈቱ። «አውቶ» የሚለውን ተዉትና የካርዱን ስም ራሳችሁ ምረጡ። አውቶ ደካማ ካርድ ሲያይ ሲፒዩን ሊመርጥ ይችላል። ቻርጀሩንም ሰኩ። በባትሪ እየተጫወቱ ላፕቶፑን የሚያማርሩ ልጆች ያስቸግሩኛል።

ካርዱ የኤንቪዲያ ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ከሆነ መድኃኒት የለውም። እነዚህ ኤፌክቶች የሚሄዱት ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ ሥርዓት ብቻ ነው። ድሮ ሰዎች ለሥዕሉ ኤኤምዲ፣ ለፊዝኤክሱ ደግሞ ትንሽ ኤንቪዲያ አብረው ይሰኩ ነበር። በ2009 ኤንቪዲያ ይህን በድራይቨር ዘጋው። እስከ ዛሬ የማልወደው ውሳኔ ነው፤ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ካርድ ሥራ ማስፈታት ተገቢ አይደለም። ኤኤምዲ ያላችሁ ፊዝኤክሱን አጥፉ። የጌሙን የሴቲንግ ፋይል ከፍታችሁ በግድ ማብራት ይቻል ይሆናል፤ ግን ስሌቱ የሚወድቀው ያው ሲፒዩ ላይ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት አዲስ ነው፤ ብዙ ሰውም አያምነኝም። ውድና አዲስ ካርድ ከድሮው ሊብስ ይችላል። በ2025 የወጡት የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 50 ተከታታይ ካርዶች 32 ቢት ኩዳን፣ ማለትም ለድሮ 32 ቢት ፕሮግራሞች የሚሆነውን፣ ትተውታል። የድሮዎቹ የፊዝኤክስ ጌሞች ደግሞ 32 ቢት ናቸው። ከውጭ ዘመድ የላከለትን አዲስ ካርድ ይዞ የመጣ የእንጅባራ ልጅ «የተበላሸ ነው የላኩልኝ» ብሎ አዝኖ ነበር። ካርዱ ምንም አልሆነም። አዳዲስ ጌሞች ላይ ይበራል፤ ባትማን ላይ ግን የድሮው አሮጌ ካርድ ይበልጠው ነበር። በ2025 መጨረሻ የወጣ ድራይቨር ለተወሰኑ ታዋቂ ጌሞች ድጋፉን መልሶታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ ካላችሁ መጀመሪያ ድራይቨሩን አድሱ። ጌማችሁ ከተመለሱት ውስጥ ከሌለ ፊዝኤክሱን አጥፍታችሁ ተጫወቱ። ካርዱን ግን አትሽጡ።

ምልክት፦ ጌሙ አይነሳም፤ የፊዝኤክስ ዲኤልኤል ጠፋ ይላል

በፍላሽ የተቀባበላችሁት ጌም ነው። መጠኑ እንዲቀንስ ብለው የፊዝኤክሱን መጫኛ አውጥተውታል። የኤንቪዲያን የፊዝኤክስ ሲስተም ሶፍትዌር ጫኑ። ከ2009 በፊት ለወጡ ጌሞች ደግሞ «ሌጋሲ» የሚባለው 9.13.0604 ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ያላችሁም መጫን አለባችሁ፤ ጌሙ ሳያገኘው አይነሳም።

ምልክት፦ የካርዱ ስም ትልቅ ነው፤ ሥራው ግን የለም

ይህ ክፉ ነው። ፊዝኤክስ ጂፒዩ ላይ ነው ይላል፤ ጌሙ ግን ኤፌክት ቢበራም ባይበራም ይንቀረፈፋል። አዲስ ድራይቨር ሲጫን ደግሞ ካርዱ ጭራሽ እምቢ ይላል። የተጭበረበረ ካርድ ነው። በ2010 የወጣውን ጂቲኤስ 450 ወይም መሰሉን ወስደው፣ ባዮሱን (የካርዱን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ብለው ይሸጡታል። እውነተኛው 768 የኩዳ ኮር አለው፤ ጂቲኤስ 450 ግን 192 ብቻ። ለዚያ ትውልድ ኤንቪዲያ ድራይቨር ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው አዲሱን የማይቀበለው።

ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ። ካርዱ የተጭበረበረ ከሆነ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ከሌለ ጀርባውን እዩ። እውነተኛ 1050 ቲአይ የቪጂኤ ሶኬት የለውም። ሰማያዊዋን ሶኬት ካያችሁ አትክፈሉ። የሰው ልጅ ወር ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመውን ብር እንዲህ ባለ ዕቃ የሚቀበሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ስቲከሩ ያብረቀርቃል፣ ካርቶኑ አዲስ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሰክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ጥላችሁ ውጡ።

ሌሎች፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከአዲስ አበባ በአውቶብስ አባይ በረሃን አቋርጦ የመጣ ዴስክቶፕ ካርዱ ከስሎቱ ሊላቀቅ ይችላል፤ አውጥታችሁ መልሳችሁ አጥብቁት።

ኤፌክቱ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ትልቅ ካርድ አትሰኩ።

መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከመጣ ካርዱ ተመቷል፤ ሴቲንግ አያድነውም። በተለይ በክረምት፣ ያለ ስታቢላይዘር ጌም ቤት መክፈት ዕቃን እያዩ ማቃጠል ነው።

ታዲያ ማብራቱ ይጠቅማል?

ለዓይን አዎ፤ ለጨዋታው ብዙም አይደለም። በ2006 ኤጂያ የተባለ ኩባንያ ለፊዚክስ ስሌት ብቻ የተሠራ ካርድ አወጣ። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። ጎስት ሪኮን አድቫንስድ ዋርፋይተር ላይ ካርዱ ሲሰካ ስባሪው በዛ፤ የሚሳለው ነገር ስለጨመረ ግን ፍሬሙ ወረደ። በ2008 ኤንቪዲያ ኩባንያውን ገዝቶ ስሌቱን ወደ ራሱ ካርዶች አመጣው። ኤፌክቱ አማረ፤ ጌጥነቱ ግን አልተለወጠም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጌም ሠሪዎች ጌማቸው በፕሌይስቴሽንም፣ በኤክስቦክስም፣ በኤኤምዲም እኩል መጫወት አለበት። አንድ ኩባንያ ካርድ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር ላይ መንገድ የሚከፍት ግንብ ወይም የሚያሸንፍ ዘዴ ሊሠሩ አይችሉም። ጨዋታውን በእውነት የለወጠ ፊዚክስ ያየነው በሲፒዩ ነው፤ በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 ዕቃ አንስቶ መወርወርን፣ በ2009 ሬድ ፋክሽን ገሪላ ሕንፃ ማፍረስን የጨዋታው ልብ አደረጉት።

ይህን ስል ግን አጥፉት ማለቴ አይደለም። ካርዱ ከቻለ ባትማን ላይ አብሩት፤ ያለ እሱ ወረቀቱና ጨርቁ ጭራሽ የሉም፤ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ቦርደርላንድስ 2 ላይም ያምራል፤ ጥሩ ካርድ ካላችሁ «ሃይ»፣ መካከለኛ ከሆነ «ሚዲየም»።  ማፊያ 2 ልብሱ ሲውለበለብ ደስ ይላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከ«ሚዲየም» አትለፉ። ሜትሮ 2033 ላይ ልዩነቱን ለማየት ቆሞ መፈለግ ያስፈልጋል። እዚያ አጥፉት፤ ፍሬሙ ይሻላችኋል።